አግድም አንድ በድምፅ ብልጫ

ፀሐይነሽ ገብረአምላክ በዕድሜዋ ብዙ ነገር ፈርታለች፤ የሒሳብ ፈተና፣ የጎረቤት ውሻ፣ በተለይ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ። የዚያን እሑድ ግን ያስፈራት ስብሰባው ሳይሆን አጀንዳው ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ፣ በጸሐፊው በካሳዬ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣ «የንባብ ቤቱን ወደ ስኳር መጋዘንነት ስለመለወጥ» ይላል። ካሳዬ ደግ ሰው ነው፤ ጽሑፉን ትንሽ ቢያበላሸው ኖሮ ምናለበት አለች በልቧ።

ንባብ ቤቱ የምትባለው ከቦሌ አየር ማረፊያ ወዲህ፣ ከቀበሌው አዳራሽ ጎን ያለች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ናት። መሠረተ ትምህርት የጨረሰው ሕዝብ ፊደሉን እንዳይረሳ ተብላ ተከፈተች። ፀሐይነሽ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ከርማ፣ በመጨረሻ የተቀጠረችው እዚያ ነው። ጠዋት መስኮቷን ስትከፍት የራሷን ቤት የከፈተች ያህል ደስ ይላት ነበር። ችግሩ አንባቢ አለመኖሩ ነው። የሚመጡትም ፀሐይ የበረታባቸው ሰዎች ናቸው፤ ጋዜጣውን ፊታቸው ላይ ይዘረጉና ከሥሩ እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ።

ሊቀመንበሩ ጓድ ላጲሶ ክፉ ሰው አይደሉም። የቀበሌው ሱቅ መጋዘን ጣሪያ ያፈሳል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ስኳሩ ይቀልጣል፤ ስኳሩ በቀለጠ ቁጥር ደግሞ ሕዝቡ የሚጮኸው እሳቸው ላይ ነው። «ሰው የማይገባበት ደረቅ ክፍል እያለኝ ስኳር ላቅልጥ?» ብለው ሲጠይቋት ፀሐይነሽ መልስ አልነበራትም። ሰኔ ሊገባ ነው፤ ሰማዩም ከላጲሶ ጋር የተማከረ ይመስል ቶሎ ቶሎ ይጠቁራል።

መልስ ብታጣ ጥያቄ ሠራች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሟ ዓለምሰገድ አየር ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነው፤ መንገደኛ ጥሎት የወረደውን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ አልፎ አልፎ ይዞላት ይመጣል። ከጋዜጣው ጀርባ ጥቁርና ነጭ ሳጥኖች አሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ ፍንጮች። ፍንጮቹ ታዲያ አንዳቸውም ቀጥ ብለው አይናገሩም። ግማሹ የቃሉን ትርጉም ይነግርሻል፤ ግማሹ ቃሉ ከምንና ከምን እንደተሠራ ይነግርሻል፤ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ግን ቢሞቱ አይነግሩሽም። ፀሐይነሽ ይህንን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶባታል፤ ምክንያቱም መልሱ የሚወጣው በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ነው፤ የማግስቱ ጋዜጣ ደግሞ በሌላ አውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ ሌላ አገር ሄዷል። ዛሬ አንዱን ጥያቄ ታገኛለች፤ ከወር በኋላ ደግሞ አይታው የማታውቀውን የሌላ ጥያቄ መልስ ታገኛለች። መላው የገባት ቀን ከአልጋዋ ላይ ዘላ ተነሥታ ወንድሟን እስክታስደነግጠው ጮኸች። ዓለምሰገድ ሎተሪ የደረሳት መስሎት ነበር፤ አለመሆኑን ሲሰማ ተመልሶ ተኛ።

በአማርኛ ስትሠራው ደግሞ እንዴት እንደሚያምር! በያንዳንዱ ሳጥን አንድ ፊደል፤ አግድም የሚነበቡና ቁልቁል የሚነበቡ ቃላት በአንድ ሳጥን ይገናኛሉ። በትልቅ ወረቀት ጽፋ ከቀበሌው ሱቅ ግድግዳ ላይ፣ ሰው ለስኳርና ለሳሙና በሚሰለፍበት በኩል ለጠፈችው። ከሥሩም «መዝገበ ቃላት ለሚፈልግ ንባብ ቤቱ ክፍት ነው፤ መልሱ ሰኞ እዚያው ይነገራል» ብላ ጻፈች።

ሰልፈኛ እንደሆነ ሥራ የለውም። መጀመሪያ አንዱ አነበበ፤ ከዚያ ሁለቱ ተከራከሩ፤ በሦስተኛው ቀን ሰው ተራው ደርሶ «ቆዩ፣ ይቺን ልጨርስ» ማለት ጀመረ። ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ሐቢባ እንኳ ከራሳቸው ሱቅ ወጥተው የቀበሌው ሰልፍ ውስጥ ሲቆሙ ታዩ። ከቦሌ ቡልቡላ ወተት የሚያመጣው ዋቅቶላ ወተቱን አስረክቦ ይመለስ የነበረ ሰው፣ አሁን ባዶ ጣሳውን እግሩ ሥር አስቀምጦ ግድግዳ ላይ ያፈጣል። ንባብ ቤቱም ሞላ፤ ወንበር ጠፋ። ፀሐይነሽ በደስታ ምሳ መብላት ተወች።

ደስታ ሲበዛ ደግሞ ክስ አይጠፋም። ተራው ያለፈበት ሁሉ አቤት አለ። መላው ገና ለማንም አልገባውም ነበርና፣ አንድ መፍታት ያቃተው ሰው «ይህ ነገር መልስ የለውም፤ በሕዝብ ላይ መሳለቅ ነው» ብሎ ለሊቀመንበሩ አመለከተ። ጓድ ላጲሶ ዓርብ ዕለት መጥተው ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ነቀሉት። «እሑድ ስብሰባው ላይ ታስረጂናለሽ» አሏት። «መልስ ካለው እናያለን። ከሌለው ክፍሉንም ወረቀቱንም አንድ ላይ እንዘጋለን።»

እናም ያ እሑድ መጣ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። መፈክሩ ተባለ፤ ግራ እጅ ወጣ፣ ወረደ። ፀሐይነሽ ሳጥኖቹን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ስትሠራ አንዱ መስመር እባብ የሄደበት መሰለ። ጓድ ላጲሶ ክንዳቸውን አጣጥፈው ከጎኗ ቆሙ።

«ጓዶች» አሉ፣ «ዛሬ ከአጀንዳችን በፊት ይህ እንቆቅልሽ መልስ ያለው መሆን አለመሆኑን እናጣራለን። ቀጥይ።»

ፀሐይነሽ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «በቀላሉ ልጀምር። ‹ልብ የስኳር ራስ ሲደርሰው ገላ ይሸፍናል። ሦስት ሳጥን።›»

«ስኳር መቼ ደረሰንና ነው ለልብ የሚደርሰው!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ፤ አዳራሹ ሳቀ። ላጲሶ አልሳቁም።

«የፍንጩ ጅራት ትርጉሙን ይናገራል» አለች ፀሐይነሽ፣ በሳቁ ትንሽ ተበረታትታ። «ገላ የሚሸፍን ነገር ነው የምንፈልገው። የቀረው አሠራሩን ይነግረናል። የስኳር ራስ ማለት የመጀመሪያዋ ፊደል ናት፤ ‹ስ›። ልብ ላይ ‹ስ› ስትጨመር…»

«ልብስ!» አለ አዳራሹ ባንድ አፍ። ከዚያም «አሃ!» የሚል ረጅም ድምፅ ተከተለ፤ ሰው ጠፍቶበት የነበረ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ሲያገኝ የሚያወጣው ዓይነት።

ጓድ ላጲሶ ግን ሊቀመንበር ናቸው። በዚያ አዳራሽ ያለ ድምፅ የሚያልፍ ነገር የለም፤ የቦይ ቁፋሮም ይሁን የአጥር ጠብ። ልማድ ሆኖባቸው «ልብስ መሆኑን የምትደግፉ?» አሉ። አዳራሹ በእጅ ተሞላ። «ተቃውሞ? ድምፀ ተአቅቦ? በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ጸሐፊ፣ ያዝ።» ካሳዬም ያለ አንዳች ፈገግታ ቃለ ጉባኤው ላይ ያዘው።

«ቁልቁል አንድ» አለች ፀሐይነሽ። «‹የቀበሌ ራስ ለም መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ብዕር ይጠጣዋል። ሦስት ሳጥን።›»

ጓድ ላጲሶ ቀስ ብለው ዞሩ።

«የቀበሌ ራስ ማን ነው?»

ፀሐይነሽ ይህንን ፍንጭ ስትጽፍ እንዲህ ያለ ዓይን ይመጣብኛል ብላ አላሰበችም ነበር። «‹ቀ› ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር። የቀበሌ የመጀመሪያዋ ፊደል። ‹ቀ› ‹ለም› ላይ ስትቀመጥ ቀለም ይሆናል፤ ቀለምን ደግሞ ብዕር ይጠጣዋል።»

ላጲሶ ነገሩን እንደ ጉርሻ አኘኩት። «ለም መሬት ላይ ነው የተቀመጠው አልሽ?»

«አዎን። በጣም ለም።»

«እንግዲያው የቀበሌ ራስ ጥሩ ቦታ ነው ያለው» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸው ታየ። አዳራሹ ፈቃድ ያገኘ ያህል ሳቀ። ቀለምም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ፀሐይነሽም «ቀ»ን፣ «ለ»ን፣ «ም»ን ወደ ታች ጻፈች።

ቀጥሎ «ማሳውን ከኋላ ወደ ፊት ያረሰ ሰው እግሩን ይለበልበዋል» የሚለውን አነበበች። ማሳ ከኋላ ሲነበብ ሳማ መሆኑን ዋቅቶላ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነገራቸው፤ ጸደቀ። አሁን ሰው ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ነው። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሳይቀሩ እጃቸውን እያወጡ «እኔ፣ እኔ» ይላሉ። ፀሐይነሽ የፈራችውን እየረሳች መጣች።

«አግድም አንድ። ‹ቀን በር ላይ ቆሞ ሁለቱን አጣምሮ ያሠራል። አራት ሳጥን።›»

«ቆይ!» አሉ ጓድ ላጲሶ። እጃቸውን ዘረጉ። «ማንም እንዳይናገር። ይቺን ለእኔ ተዉልኝ።» ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በድንገት ፊታቸው በራ። «መጨረሻው ‹በር› ነው፤ አይደለም? በር ተብሎ ተነግሮናል። ሁለቱን አጣምሮ የሚያሠራ ምንድን ነው? ምንድን ነው ጓዶች? ማኅበር!»

ጭብጨባው ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። ማ፣ ኅ፣ በ፣ ር፤ ልክ አራት ሳጥን። መጨረሻውም በር። ደግሞስ በዚያ ዘመን፣ በዚያ አዳራሽ፣ ማኅበርን ተቃውሞ እጁን የሚያወጣ ማን አለ? የገበሬ ማኅበር አለ፣ የሴቶች ማኅበር አለ፣ የወጣቶች ማኅበር አለ። ድምፅ ተሰጠ፤ እጅ የጫካ ያህል ቆመ። ፀሐይነሽ ብቻ እጇን አላወጣችም፤ ጠመኔ ስለያዘች ማንም ልብ አላላትም።

ላጲሶ ደስታቸው ወሰን አጣ። እንደ ልጅ እጃቸውን ያፋትጋሉ። «ለካ ደስ የሚል ነገር ነው! እንዲህ ከሆነማ ስለ ክፍሏም ረጋ ብለን ብናስብ አይከፋም። ጻፊው፣ ጻፊው።»

ፀሐይነሽ ወደ ሰሌዳው ዞረች። የአግድም አንድ መጀመሪያና የቁልቁል አንድ መጀመሪያ አንድ ሳጥን ናቸው፤ እዚያ ሳጥን ውስጥ ደግሞ «ቀ» ተቀምጣለች። «ማ»ን ለመጻፍ «ቀ»ን ማጥፋት አለባት። ቀላል ነገር ነው፤ በነጠላዋ ጫፍ አንድ ጊዜ ብትጠርገው ያልቃል። ሊቀመንበሩ ደስ እንዳላቸው ይቀመጣሉ፤ ክፍሏ ትተርፋለች፤ መስኮቷንም ነገ ጠዋት ትከፍታለች። ከዚህ ሕዝብ መካከል ማን ይከሳታል?

እጇን አነሣች። ግን አልሆነላትም። ሳጥኑ ውስጥ የፈለጉት ቃል የሚገባ ከሆነ፣ ያ ያመለከተባት ሰውዬ እውነቱን ነው፤ መልስ የለውም ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት በማታገኘው መልስ የተቃጠለችው ለዚህ አልነበረም። እንባዋ መጣ፤ በራሷም ተናደደች፤ ከዚያ ዞረች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሳጥኑ ተይዟል።»

«በማን?»

«በቀበሌ ራስ።»

አንድ ሰው ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አመለጠው። ፀሐይነሽ ግን ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ማኅበር እንዲገባ ከተፈለገ ይቺን ‹ቀ› ማጥፋት አለብኝ። እሷን ካጠፋሁ ደግሞ ቁልቁሉ ቀለም መሆኑ ይቀራል፤ ማለም ይሆናል።»

«ማለምም ቃል ነው!» አለ የሊቀመንበሩ ወዳጅ ነኝ የሚል ሰው።

«ብዕር ሕልም ይጠጣል እንዴ?» አሉት ወይዘሮ ሐቢባ ሳይዞሩ።

ካሳዬ ከቃለ ጉባኤው ቀና አለ። ፊቱ ከልቡ የተጨነቀ ሰው ፊት ነው። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሁለቱም በሙሉ ድምፅ ጸድቀዋል። በአንድ ሳጥን ላይ ሁለት ውሳኔ አለን። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን አያውቅም።»

የጓድ ላጲሶ ፊት ጠቆረ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሊቀመንበሩ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አውሮፕላን መጣ።

ቦሌ የኖረ ሰው ያውቀዋል። አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬ ይቆማል፤ የተናገረ እንደተናገረ፣ አፉን የከፈተ እንደከፈተ ይጠብቃል፤ የተጣላ እንኳ ጠቡን አቁሞ ይጠብቃል። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጠመኔው ከፀሐይነሽ እጅ ወድቆ ከሰሌዳው ሥር እየተንከባለለ ሄደ። ጓድ ላጲሶ ሊቆጡ የጀመሩት ቁጣ አፋቸው ላይ ቀርቶ፣ ሌላ የሚያዩት ነገር ስለሌለ ሰሌዳውን አዩ። «ቀ»ን አዩዋት። ከዚያ ሦስቱን ባዶ ሳጥኖች አዩ። ፀሐይነሽ ዓይናቸውን ስትከታተል የምታውቀው ነገር አየች። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀምሯል።

አውሮፕላኑ ወደ ገርጂ በኩል እየራቀ፣ ድምፁ እየሳሳ ሄደ።

«ቀን» አሉ ላጲሶ በቀስታ። ቀጥለው ትንሽ ጮክ ብለው «በር» አሉ። ከዚያ እግራቸው መሬት የለቀቀ እስኪመስል «ቀንበር!» ብለው ጮኹ። «ቀን በር ላይ ቆሞ! ቀን፣ ከዚያ በር! ሁለቱን በሬዎች አጣምሮ ያሠራል! በግልጽ ተነግሮናል እኮ ጓዶች፣ በግልጽ!»

ዋቅቶላ ጭኑን በጥፊ መታ። «ትናንት ስጠምድበት የዋልኩትን!» አለ።

ላጲሶ የወደቀውን ጠመኔ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አነሡና «ን»ን፣ «በ»ን፣ «ር»ን ጻፉ። «ቀ»ን አልነኳትም። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው ልብሳቸውን አስተካከሉ። «ጓዶች፣ ግለ ሂስ አለኝ» አሉ። «ማኅበር ያልኩት በችኮላ ነው። ፍንጩ ‹ቀን› እያለ እየጮኸ እኔ አልሰማሁትም። የቀበሌን ራስም ከለም መሬት ላይ ላስነሣው ነበር። ከዚህ የበለጠ ስሕተት ምን አለ?» መሳቅ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ሳቁን ማን ያቁመው! ካሳዬ እንኳ ብዕሩን አስቀምጦ ዓይኑን አበሰ። የማኅበር ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ተሻረ፤ ቀንበርም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ጠመኔው ግን ከጓድ ላጲሶ እጅ አልወጣም። ፀሐይነሽ የመጨረሻውን ፍንጭ አነበበችላቸው፤ «ጫማውን ያዞረ ሰው ወደ ሙሽራዪቱ ቤት ይዞት ይሄዳል። ሁለት ሳጥን።» ሰው ሁሉ እየተነሣ ወደ ሰሌዳው ተጠጋ። ጥሎሽ የሚል መጣ፤ ሦስት ሳጥን ይፈልጋል ተብሎ ተመለሰ። ወይዘሮ ሐቢባ አንድ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው እያገላበጡ ያዩታል። ሊቀመንበሩ ጀርባቸውን ለጉባኤው ሰጥተው፣ ግንባራቸውን ሰሌዳው ላይ ሊያስደግፉ ምንም አልቀራቸውም።

ካሳዬ ሰዓቱን አየ። ደንበኛ ጸሐፊ ነውና አጀንዳ ሳይነሣ ስብሰባ አይዘጋም። «ጓዶች፣ አጀንዳው!» አለ። የሰማው የለም። «ንባብ ቤቱ የስኳር መጋዘን ይሁን የምትሉ እጃችሁን አውጡ!»

ማንም አልዞረም። ፀሐይነሽ ብቻ ሰማች።

«እሺ፤ ንባብ ቤቱ ባለበት ይቀጥል የምትሉ?»

መጀመሪያ የሷ እጅ ወጣ። ከዚያ የወይዘሮ ሐቢባ፣ ከነጫማው። ከዚያ ከግራም ከቀኝም እጆች ይወጡ ጀመር። በዚህ መካከል ከሰሌዳው ፊት፣ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ፣ ጠመኔ የያዘ አንድ ክንድ ተወነጨፈ።

«ማጫ!» አሉ ጓድ ላጲሶ እጃቸውን እንዳወጡ። «ጫማ ሲዞር ማጫ! ማጫ ነው ይዞ የሚሄደው!»

«በሙሉ ድምፅ» አለ ካሳዬ፣ ጻፈም።

ጭብጨባው ለማጫው ይሁን ለክፍሏ ማንም ለይቶ አላወቀም። ፀሐይነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ሳቀችም፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። ሕዝቡ ሲበተን ጓድ ላጲሶ ጣታቸው ላይ የቀረውን ጠመኔ እያራገፉ ወደ ካሳዬ ጠረጴዛ ሄዱና ቃለ ጉባኤውን አነበቡ። አንድ ጊዜ አነበቡት። ደገሙት።

«እኔም እጄን አውጥቻለሁ?» አሉት።

«አውጥተዋል፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ካሳዬ። «ከሁሉም ከፍ አድርገው።»

ላጲሶ ብዕሩን ተቀበሉትና ፈረሙ። «ለመጋዘኑ ጣሪያ ቆርቆሮ እንጠይቃለን» አሉ። በሩ ጋ ደርሰው ወደ ፀሐይነሽ ዞር አሉ። «አዲሱን ነገ ትለጥፊዋለሽ?»

«ነገ ጠዋት።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ሳይፈታው ቀድሜ እመጣለሁ» አሉና ወጡ።